ካሴቶቻችንና ትንሿ ኮምፒዩተር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ቡድኖች በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ቁጠባም ስለ ብድርም አይደለም። እሱን ገንዘብ ያዣችን ጠዋት አቅርባለች። እኛ የያዝነው የአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተርና የአሮጌ ካሴቶች ወሬ ነው። አምና ይህ ሐሳብ ሲነሣ አንዲት እኅታችን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ዘይት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ለዘፈን ኮምፒዩተር እናስገባ?» ብላ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነውና አስቀድመን እንመልስላት። ከቁጠባው አንድም ብር አልወጣም። ኮምፒዩተሯን ውጭ አገር የምትኖር አንዲት ደጋፊያችን በሻንጣዋ ይዛልን መጣች። የቀረው ሁሉ ከየቤታችን ጥግ የተለቃቀመ ነው። የሄደው ጊዜያችን ነው፤ እሱ ግን ብዙ ሄዷል።

ነገሩ የተጀመረው ሱሉልታ ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ከቤት የሚወጡትም አልፎ አልፎ ነው። አልጋቸው አጠገብ አንድ ትልቅ ጂፓስ ቴፕ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። «ይሠራል እማማ?» አልናቸው። «ድሮ ይሠራ ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል፤ እኔም ዝም ብያለሁ» አሉን። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር በመሐረብ የተጠቀለሉ ሦስት ካሴቶች አወጡ። ልጃቸው ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች በኋላ በሰው እጅ የላከቻቸው ናቸው። ያን ጊዜ ስልክ ውድ ነበር፤ መጻፍ የማትችለውም የምትችለውም በካሴት እየተናገረች ትልክ ነበር። ከመካከላችን እንዲህ ያለ ካሴት የላክንም የተቀበልንም አለን። ልጅቷ አልተመለሰችም። ከዚህ በላይ እናታችን እንድንናገር አልፈለጉም፤ እኛም አንናገርም።

የልጅ ልጃቸው ቅን ልጅ ነው። «በስልኬ እቀዳልሻለሁ» ብሏቸው ነበር። እንዴት እንደ ሆነ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልክ ባለቤቱ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። ባትሪው ያልቃል፤ መሐል ላይ ይደወላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የስልክ ፊት ልስልስ መስታወት ነው፤ ዓይን ለሌለው ሰው ጣት የሚያርፍበት የለውም። የድሮው ቴፕ እኮ ይሄንን ያውቅ ነበር! ማስነሻው ወፍራም፣ ማቆሚያው በሌላ ወገን፣ ሲጫኑት ቀጭ የሚል። እኛም የተነሣነው ያንን ቀጭ የሚል ነገር ለመመለስ ነው። ሙዚቃና ድምፅ ከማሰማት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው፣ ከቤት የማይወጣ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በጣት የሚታወቅ ማጫወቻ።

ኮምፒዩተሯ ራስቤሪ ፓይ ትባላለች። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩ ተብላ የተሠራች ናት፤ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ለገበያ ስትወጣ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። ስፋቷ ከባንክ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት፤ ሁሉም ከውጭ ይሰካል። እኛ ጋ ያለችው ሦስተኛው ትውልድ ናት። የምትስበው ኃይል 5 ዋት ገደማ ስለሆነ ቀንና ሌሊት ብትበራ እንኳ በወር 4 ኪሎዋት ሰዓት አትሞላም። ቆጣሪ ለምታስቡ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን እሷ በወር ትፈጃለች።

ሥራውን የመራው ኮምፒዩተር የሚማር የአንዲት የቡራዩ አባላችን ልጅ ነው። እኛ ግን ከጎኑ ቁጭ ብለን አየን፤ አሁን ሦስታችን ያለ እሱ እንሠራዋለን። ስለዚህ እንደ ገባን እንንገራችሁ።

ኮምፒዩተሯ ሐርድ ዲስክ የላትም፤ ሥርዓቷ የሚቀመጠው ስልክ ውስጥ በምናውቃት ትንሽ ሚሞሪ ላይ ነው። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ራስቤሪ ፓይ ኦኤስ ላይት የሚባለውን ነጻ ሥርዓት አውርዶ ሚሞሪው ላይ መጻፍ ነው የመጀመሪያው ሥራ። «ላይት» ማለት መስኮትና ሥዕል የሌለው፣ ቀለል ያለው ማለት ነው። ቀጥሎ ኤም ፒ ዲ የሚባል ነጻ የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ይጫናል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እዚህ ድረስ ብቻ ነው። እሱንም ልጁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጨረሰልን፤ ከዚያ ወዲያ የሱሉልታው ቤት አንድም ካርድ አልሞላም። ዘፈኑና ድምፁ በፍላሽ ሆኖ ከጎን ይሰካል።

ድምፁ መጀመሪያ አናደደን። ከኮምፒዩተሯ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ጃክ ሰክተን ወደ ጂፓሱ አስገባነው፤ የጂፓሱ ካሴት ማጫወቻ ቢሞትም ስፒከሩና ድምፅ ማጉያው ደህና ነበሩና። ዘፈኑ ወጣ፤ ግን ከሥሩ እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ድምፅ አለው። የኮምፒዩተሯ የራሷ የድምፅ መውጫ ደካማ ስለሆነ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ ሳውንድ ካርድ ስንጨምርበት ያ ሁሉ ጠፋ። ይህን መጀመሪያ ብናውቅ ሁለት ቅዳሜ ባላጠፋን ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ቻርጀር ነው። «የስልክ ቻርጀር አይደለም እንዴ?» ብለን ከቤት ያገኘነውን ሰካን። ኮምፒዩተሯ ትነሣና ትወድቃለች። ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን ስናያት ጥግ ላይ የመብረቅ ምልክት ታሳያለች፤ «ኃይል አነሰኝ» ማለቷ ነው። የእኛ ዓይነቷ 5 ቮልት በ2.5 አምፒር ትፈልጋለች፤ ተከታይዋ፣ አራተኛዋ፣ 3 አምፒር። ቻርጀሩ ላይ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ፤ ቀጭን ገመድም አትጠቀሙ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ደጋፊዎቻችንም እዚህ ስላላችሁ ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

ካሴት ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጠው በራሱ ፍጥነት ነው። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። የሚሠራ ቴፕ ያስፈልጋል። የአንዷን አባላችንን ቴፕ መርካቶ ወስደን ላስቲኩን አስቀየርንና ከጆሮ ማዳመጫው መውጫ ወደ ላፕቶፕ በገመድ አገናኘን። ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሚገባውን ድምፅ ይቀዳል። የመጀመሪያው ካሴት ደህና ሄደ። ሁለተኛውን የገለበጥነው ቡራዩ በአንዲት አባላችን ቤት ነው፤ ላፕቶፑን ለባለቤቱ መልሰን ስለነበር በቀጥታ ትንሿ ኮምፒዩተር ላይ ቀዳነው። ቀድተን ጨረስን፤ ሁለተኛ ቅጂ ሳንይዝ ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ስኒ መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ሄደ፤ መጣ። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሯ አልነሣ አለች። ሚሞሪው ላይ እየተጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥ የተጻፈው ይደባለቃል፤ በእኛ ላይ የደረሰው እሱ ነው። «ካሴቱ አለ አይደል፣ እንደገና እንቅዳ» አልን። ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩ ተጨማዶ ሁለት ቦታ ተበጠሰ፤ የዛገ ዱቄት ሆኖ በእጃችን ላይ ተራገፈ። መርካቶ ለሚሠሩ ሁለት ባለሙያዎች አሳየን፤ ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሱሉልታ ሄደን ነገርናቸው። ማን ትናገር ብለን መንገዱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነበር የሄድነው፤ በመጨረሻ አንድ ላይ አለቀስን እንጂ የተናገረም የለ። እሳቸው ግን ገባቸው። ትንሽ ቆዩና፣ «የትኛው ነው? ገና ብላ የጀመረችበት ነው?» አሉን። አዎ አልናቸው። «እሱን አውቀዋለሁ» አሉና ጀመሩ። ልጅቷ ያለችውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው አሉት። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታዋን፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ዞራ ለጎረቤት ያለችውን፣ የአሠሪዋን ልጆች ስም፣ የሳቀችበትን ቦታ ሳይቀር። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሲሰሙት የኖሩት ነው። አንዷ እኅታችን ስልኳን አውጥታ፣ «እማማ፣ እንቅዳው?» አለች። «ቅጂው» አሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዛሬ ሁለተኛው ካሴት በእናቱ ድምፅ ነው ያለው።

ይህ ለጥፋታችን ማስተሰረያ ሆነ ብለን አይደለም የነገርናችሁ፤ ካሴቱ ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ነገር ለውጠናል። አንደኛ፣ የተቀዳ ድምፅ በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ላይ ሳይቀመጥ ማንም ከወንበሯ አትነሣም፤ ቡናም አይፈላም። ሁለተኛው ፍላሽ ደግሞ በሌላ ሰው ቤት ያድራል። ሁለተኛ፣ ልጁ ኮምፒዩተሯን ቆለፋት። ሥርዓቱ ውስጥ ኦቨርሌይ የሚባል ምርጫ አለ፤ እሱ ሲበራ ኮምፒዩተሯ ሚሞሪው ላይ አንዳች አትጽፍም፤ የምትጽፈውን ሁሉ በጊዜያዊ ማስታወሻዋ ትይዝና ስትጠፋ ትረሳዋለች። ፍላሹም የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ሆኖ ተሰካ። መብራት በቀን አሥር ጊዜ ቢሄድ በተመለሰ ቁጥር እንደ አዲስ ትነሣለች። ጉዳቱ አዲስ ነገር ለመጨመር ቁልፉን መክፈት ማስፈለጉ ነው፤ በወር አንዴ እንከፍተዋለን። ሰዓቷም ይሳሳታል፤ የራሷ የሰዓት ባትሪ የላትም፤ ኢንተርኔት ከሌለ ቀኑን አታውቅም። ለእኛ ግን ሰዓት ልትነግረን አይደለም የተቀመጠችው።

የቁልፎቹን ሐሳብ ያመጣችው በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አካባቢ ያደገች አባላችን ናት። ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ተጫውታ ስላደገች ጣት ምን እንደሚያነብ ታውቃለች። ሱቅ የሚሸጠውን ቁጥር ብቻ ያለበትን ትንሽ ኪቦርድ አምጥታ፣ «5 ቁጥር ላይ ጣታችሁን አስኪዱ» አለችን። ስናስኬድ ትንሽ ጉብታ አለው! ሁላችንም ስናየው ኖረን አናውቀውም። ጣት 5ን ካገኘ ሌሎቹን በዙሪያው ያገኛቸዋል። ልጁም እያንዳንዱን ቁጥር ከአንድ ዝርዝር ጋር አገናኘው። 5 የልጃቸው ድምፅ ነው። 4 የበዙነሽ በቀለ፣ 6 የአስናቀች ወርቁ ክራር፣ 8 የዓሊ ቢራ፣ 2 መዝሙር። ትልቁ መግቢያ ቁልፍ ያቆማል። እናታችን በአንድ ከሰዓት ለመዱት። አሁን ልጅ ልጃቸውን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።

ስለ ዘፈኖቹም ጥቂት እንበል። አንዳንዶቻችሁ «ዘፈኑ በስልክ ሞልቶ የለም ወይ?» ትላላችሁ። ከፊሉ አለ። በ1960ዎቹ አምሐ እሸቴ በአምሐ ሪከርድስ፣ ከእሱም ቀጥሎ ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ አውጥቷቸዋል። የአስናቀች ወርቁም የዓሊ ቢራም በዚያ አሉ። የታተመውን የሚያድን አይጠፋም። የማንም ሙዚቃ ቤት ያላሳተመውን፣ የሠርጋችንን እልልታ፣ የአያታችንን ተረት፣ ከጅዳና ከቤሩት የመጣውን ሰላምታ ግን ከእኛ በቀር የሚያድነው የለም። እሱም የተቀዳው በርካሹ ካሴት ላይ ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የምንሰጠው ለድምፅ ነው፤ ዘፈኑ ይከተላል። ዘፈኑም ቢሆን ሕግ አለው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሰው ለግሉ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ አይከለክልም፤ እያባዛን ብንሸጥ ወይ ብናድል ግን የዘፋኞቹን እንጀራ መንካት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዷ ካሴት በእያንዳንዷ ቤት ይቀራል። «የእሷን ለእኔም ገልብጡልኝ» ብላችሁ አታስቸግሩን።

ሌላ ያልጠበቅነው ሥራ የስም አጻጻፍ ነበር። እኛ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ»ንም አንድ አድርገን እናነባለን። ማሽኗ ግን ሁለት ሰው ታደርጋቸዋለች። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ስለዚህ በ«ሀ» የጻፍነው ከ«ለ» በፊት፣ በ«ሐ» የጻፍነው ከ«ለ» በኋላ ይሰለፋል። አንድ ዘፋኝ ሦስት ቦታ ተበትኖ አገኘነው። አሁን አንዲት አባላችን ብቻ ትጽፋለች፤ የአፋን ኦሮሞውን ደግሞ ሌላዋ በቁቤ ትጽፋለች፤ ክርክርም አበቃ።

ስለ መጠን ለምትጠይቁ፦ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ምንም ሳይጨመቅ ሲቀዳ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ፍላክ በሚባለው ድምፁን ሳይጎዳ በሚጨምቀው ዓይነት ግማሽ ያህል ይወርዳል። የሰው ድምፅ ያለበትን ሁሉ በፍላክ እናስቀምጣለን። ስናዳምጥ ሰው ከመናገሩ ቀድሞ የራሱ ድምፅ በስሱ ሲሰማ አንዲት እኅታችን አማትባ ተነሥታለች። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ክሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ለዓመታት ሲቀመጥ የአንዱ ዙር ድምፅ ወደ ጎረቤቱ ያርፋል። ካሴት ይዞ የቆየ ቤት ሁሉ ይሰማዋል።

ደጋፊዎቻችንን በተመለከተ አንድ ያስቸገረን ነገር ነበር፤ በቅንነት እንንገራችሁ። ከእናንተ አንዳቸው ለሪፖርት የሚሆን ከካሴቶቹ የተቆረጠ ድምፅ እንድንልክላቸው ጠይቀውን ነበር። በክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። እንቢ አልን፤ ዛሬም እንቢ እንላለን። ያ ድምፅ ለአንዲት እናት የተላከ ነው። እዚህ ቆመን ያወራነውን ያህል እንኳ ያወራነው እሳቸውን አስፈቅደን ነው። ለሪፖርቱ የገለበጥናቸውን ካሴቶች ቁጥርና የፈጀብንን ሰዓት እንልካለን።

ከእናንተ የምንፈልገው ገንዘብ ከመሆኑ በፊት ዕቃ ነው። የሚሠራ ካሴት ማጫወቻ ካላችሁ፣ ላስቲኩ የተበጠሰም ቢሆን፣ አትጣሉት። ራስቤሪ ፓይ ማስመጣት የምትችሉ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ይበቃናል፤ አሮጌም ቢሆን ግድ የለም። አምስተኛው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፤ እሱን ካመጣችሁ ሳውንድ ካርድ ጨምሩበት። ለሰበታና ለቡራዩ አንድ አንድ ብናገኝ ተራ የሚጠብቁ እናቶች አሉን።

አባላት ደግሞ ካሴት ከማምጣታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ። በቤታችሁ ቴፕ «እስቲ ይሠራ እንደ ሆነ» ብላችሁ አትሞክሩት፤ የእኛው እንደዚያ ነው የተበላው። ክሩ ከላላ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። በካሴቱ ጀርባ በኩል ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ ድሮ በላዩ ለመቅዳት ወረቀት የምንጠቀጥቅበት ቀዳዳ ማለታችን ነው፤ ወረቀት ካለበት አውጡት፤ በስሕተት በላዩ እንዳይቀዳበት። ከስፒከር አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማግኔት አለው። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ የምናጸዳው እኛ ነን።

የሚቀጥለው መገልበጫ ቀን ቡራዩ ነው፤ መብራት ከሄደ በማግስቱ ይሆናል። ሽፋኑንም ይዛችሁ ኑ፤ የማን ድምፅ እንደ ሆነና መቼ እንደ ተላከ የተጻፈው ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ነው።